ሙሉጌታ የሚወደው ጥቁር ቢራ

ግራንድ ፕሬሪ ዌርሃውስ አብሮኝ ይሠራ የነበረውን ሙሉጌታን ቀብረን ስንመለስ፣ ሊጠይቁት ከአገር ቤት የመጡት አባቱ ጋሽ ታፈሰ "ከሥራ ሲወጣ የሚቀመጥበትን ቤት አሳየኝ" አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ሶ፣ ቤድፎርድ ያለው የአይሪሽ ባር በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ገባን፤ ሙሉጌታ የማይለውጠውን ጥቁር ቢራ አዘዝኩላቸው። አስተናጋጇ ግማሹን ቀድታ አረፋው እስኪረጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ሞልታ አቀረበችላቸው። ጋሽ ታፈሰ አልነኩትም። ለካ ቀድታ ሳትቀምስ ስለሰጠቻቸው ነው! መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩላቸው።

አንዴ ተጎነጩና ፊታቸው ተለወጠ። "አሻሮው አርሮበታል እኮ!"

"ገብሱን ሆን ብለው ነው የሚያጠቁሩት ጋሼ። ጣፋጭነት የለውም፣ ማለቴ፣ ደረቅ ያለ መራራ ነው። እሱ ደግሞ ይሄንኑ ነበር የሚወደው።"

ብርጭቆውን ትክ ብለው አዩት። "እናቱ ጠላ ስትጠምቅ 'አሻሮው አርሯል፣ አልጠጣም' እያለ ያስለቅሳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ብላ ሳታጠቁር ነው የምትቆላው።"

ቢራውን እስከ ታች ጨለጡትና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"እኔና እሱ አብረን እንደምንመለስ ስለነገርናት አሁንም ጠንስሳለች" አሉ። "መርዶውን ገና አልሰማችም።"