የካፒቴኑ ጀልባ ለምን ከሰረች

በሐይቁ ዳር ሁሉም «ካፒቴን» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ጎብኚ ያመላለሱባትን ጀልባ ሊሸጡ ከደላላ ጋር ተቀጣጥረው ሲወርዱ፣ መንገድ ላይ ሳያስቡት ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገናኙ። ልጅቷ የቱሪዝም አስተዳደር ተምራ በአንድ ትልቅ ሆቴል የምትሠራ ናት፤ ለዕረፍት መምጣቷ ነበር።

«ጋሼ፣ እውነት ጀልባዋን ሊሸጧት ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ቀኑን ሙሉ እለፋለሁ፣ ኪሴ ግን ባዶ ነው። ዕድሌ ጠመመ።»

«ለመሆኑ የትኛው ጉዞ እንደሚያከስርዎት ያውቃሉ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂኝ? ይህን ሐይቅ ዓይኔን ጨፍኜ የማቋርጠውን ሰውዬ?»

«ሐይቁንማ ያውቁታል። ሒሳቡን ነው ያላወቁት፤ አይቆጡኝ።»

መቆጣቱንስ ተቆጥተዋል። ሆኖም አቅፈው ያሳደጓት ልጅ ናትና ደላላውን አንድ ወር እንዲታገሥ ለመኑት። እሷም የየጉዞውን ተሳፋሪና ነዳጅ በስልኳ መዘገበች፤ የጀልባዋንም ፎቶና የጉዞ ሰዓት በኢንተርኔት አወጣች።

ወሩ ሲያልቅ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ይኸው ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ይዘው የሚያቃጥሉት ነዳጅ ለአሥራ ሁለት ሰው ከሚያቃጥሉት እኩል ነው። የማለዳው ጉዞ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ እርስዎ ግን ቅዳሜ ብቻ ነው የሚወጡት።»

ካፒቴኑ ወደ ስልኳ ጎንበስ አሉ። ድካማቸው ሁሉ በአንዲት መዳፍ በምታክል መስታወት ላይ ተዘርግቶ ማየታቸው አስደነቃቸው። እጅ መስጠቱ ግን ከበዳቸው።

«እኔ እንግዳ የምቀበለው በፈገግታ ነው። ይህ ዕቃ ፈገግታ ያውቃል?»

«አያውቅም። ፈገግታው የእርስዎ ነው፤ ስልኩ ወሬውን ያደርስልዎታል እንጂ።»

ይህን ስትል ስልኩ ጮኸ። ከባሕር ማዶ አራት ሰዎች በኢንተርኔት ለመጪው ወር የማለዳ ጉዞ ቦታ ይዘው፣ ቀብዱንም ከፍለው ነበር።

«አሁን? እዚህ ተቀምጠን ስናወራ?» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። «ወይ ጉድ! እኔን የት አውቀውኝ?»

ደላላው ባዶ እጁን ተመለሰ። የከሰዓቱ ጉዞ ቀርቶ ጀልባዋ በሳምንት አምስት ማለዳ መውጣት ጀመረች፤ የነዳጁ ወጪ ቀነሰ፤ ሞተሩን የሚጠግነው መካኒክም ደመወዙን በቀኑ ይቀበል ጀመር። ዕውቀት ልፋትን መልክ ሲያስይዘው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ባለጀልባ ገበያው ጠፋ ብሎ ሲያማርር፣ ካፒቴኑ መነጽራቸውን አድርገው ልጅቷ አጠቃቀሙን ያስተማረቻቸውን ስልክ አወጡ።

«ና ወዲህ ተቀመጥ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይኸውልህ፣ ጎብኚው ገና ከአገሩ አልተነሣም፤ ስሙ ግን እኔ ዘንድ ደርሷል።»