በአንድ ትንፋሽ የሚፈልጠው ማሽን

እትዬ ጠሂራ! እንዴት አደሩ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፣ በርጩማዋ ንጹሕ ናት፣ አሁን ነው የጠረግኳት። ልጆች ደህና ናቸው? ዳቦ ቤቱስ? ጠዋት በጎጃም በረንዳ በኩል ስመጣ የዳቦዎ ሽታ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ነበር። ተሸካሚዎቹ እንኳ እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ… ሻይ ልቅዳልዎ? ስኳር ሁለት፣ አውቃለሁ። ቦምቦሊኖም አለ። ለዳቦ ጋጋሪ ቦምቦሊኖ መስጠት ያሳፍራል፣ ግን አንዷን እንዲያው ይቅመሷት።

እንጨት ሊያዩ ነው አይደል የመጡት? ሰምቻለሁ። እዚህ ግቢ ሰው ሻይ ሲጠጣ የማያወራው ነገር የለም፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ብርጭቆ ሳጥብ የሌለሁ ይመስላቸዋል። የዓመት ውል ነው አሉ። ለምድጃዎ የሚሆነውን ፍልጥ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ማኅበር ሊወስዱ። ማሽኑ ሲሠራ አይተው ሊፈርሙ። ደግ አደረጉ! እኔም ብሆን ሳላይ አልፈርምም።

ሊቀመንበራችንም ዛሬ በጠዋት ነው የገቡት። ያው፣ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዞር ብዬ አላይም፤ ያውቁኝ የለ፣ አፍራለሁ። ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ ሻይ ሳፈላ፣ ከሳቸው ጋር ከ"ስኳር ስንት?" ያለፈ ቃል ተነጋግሬ አላውቅም። ከእርስዎ ጋር ግን ማውራት ይቀለኛል። ስለሳቸው ባወራም… ኧረ ጥሩ ጥሩውን ነው የማወራው! መጥፎውን ከየት አመጣዋለሁ?

ያንን ሸራ የለበሰ ትራክተር ያዩታል? ከኋላው የተገጠመው ብረት ነው እንጨት ፈላጩ። እዚሁ ምናለሽ ተራ ነው የተበየደው። ፒስተኑ ከአሮጌ ኤክስካቫተር ላይ የወጣ ነው አሉ። ጫፉ ላይ እንደ ፋስ ስለት ያለው ብረት አለ። ግንዱን ያጋድሙለታል፣ ሊቀመንበራችን እጀታዋን ይስቧታል፣ ብረቱ ቀስ እያለ ይገፋል፣ ከዚያ ጧ! ለሁለት። ፋስ ማንሳት የለ፣ ላብ የለ፣ "እህ!" ማለት የለ። ማሽኑ የመጣው በማኅበሩ ስም ነው። አሥራ አንድ ፈላጮች ተደራጁ ተባሉ፣ ፎርም ሞሉ፣ አባዬም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ታዲያ በአሥራ አንድ ሰው ስም የመጣ ማሽን ለአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲታዘዝ አይገርምም? ሌላ ሰው እጀታዋን እንዲነካት አይፈቅዱም። አዝነውልን እኮ ነው፣ ማንም እንዳይደክም። እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው አሁን የት ይገኛል?

የምርቃቱ ቀን እርስዎ አልነበሩም። መስከረም ላይ ነው። ሪባን ተቆረጠ፣ ከወረዳ የመጡ እንግዶች ወንበር ላይ ተደረደሩ፣ ሊቀመንበራችን ሱፍ ለብሰው መጡ። እንጨት ለመፍለጥ ሱፍ ሲለበስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያምርባቸዋል ደግሞ! ስምንት ግንድ፣ እያንዳንዱ እንደ በርሜል የሚወፍር፣ ስምንቱንም በአንድ በአንድ ትንፋሽ። ጧ! ጧ! ጧ! ሰው አጨበጨበ፣ ካሜራ ብልጭ አለ። "በአንድ ትንፋሽ" የሚለው ስምም ያን ቀን ነው የወጣለት። ባህረዲንን ያውቁታል፣ ያ ረጅሙ ፈላጭ፤ "እኛ ለዚህ ለአንዱ እኮ ግማሽ ቀን ነው የምንፈጀው" ብሎ አፉን ይዞ ቀረ።

አባዬ ብቻ አላጨበጨበም። እጁ ተልጦ ነበራ… ለምን ተላጠ? ምን እባክዎ፣ ትንሽ ነገር ናት። ያን ቀን ማለዳ፣ ሰው ሳይገባ፣ እዚህ ትንሽ ሥራ ነበረችው።

ኧረ እንዲያው ላጫውትዎ ብዬ ነው። ባሕር ዛፍ ሲፈለጥ አይተዋል? ወጣቱ አያስቸግርም፣ ቀጥ ያለ ነው። ያ ከሱሉልታ በኩል የሚመጣው ወፍራሙ፣ ያረጀው ግን፣ ውስጡ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። ማሽን ቢገፋው ዝም ብሎ ያየዋል። አባዬ ግን ያውቅበታል። በፋሱ ጀርባ ቶክ ቶክ ያደርገውና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጠዋል። "እዚህ ጋ ነው የሚከፈተው" ይላል። ያችው ቦታ ላይ የብረት ሽብልቁን ያቆምና በማርቴሎ ሁለት ሦስቴ ሲመታው ግንዱ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ከውጭ የምትታየው ፀጉር የምታህል መስመር ብቻ ናት። እሷንም ሰጋቱራ ጠቅጠቅ ካደረጉባት ማን ያያታል? ከዚያ በኋላ ማሽን ቢገፋው ምን ይገርማል? እኔም በክርኔ ብገፋው… ውይ! ምን ሆኛለሁ እኔ ዛሬ? ሻይዎ ቀዘቀዘ እኮ፣ ይጠጡ።

ከኋላዬ ማነው የሚያስለው? ሰጋቱራው ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ውሃ ጆጉ ውስጥ አለ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ትሕትናቸው! የምርቃቱ ዋዜማ ቤታችን ድረስ መጡ። ራሳቸው፣ በእግራቸው! በራችን ዝቅ ያለች ናት፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሰው ሲያስፈልገው እንደዚያ ጎንበስ ማለት ሲያውቅበት ደስ ይላል። "ጋሽ ጣሰው፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ለማኅበራችን ክብር" አሉት። አባዬ ደግሞ ክብር የሚባል ነገር ከሰማ አለቀለት። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ስምንቱንም ሰነጣጠቀ። ከዚያ ወንበር አጣና ከኋላ ቆሞ ምርቃቱን አየ። ሊቀመንበራችን ንግግር ሲያደርጉ "ይህ የማሽናችን ጉልበት ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የማን ጉልበት ይሆናል?

ያቺ አንድ ቀን ግን ረዘመች። ከመስከረም እስከ ግንቦት። ደንበኛ ሲመጣ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሲመጣ፣ ዋዜማው ላይ በራችን ይንኳኳል። እማዬ ኮቴያቸውን ለይታዋለች፤ "ተነስ፣ ክብር መጣ" ትለዋለች። አባዬ ለማንም አልተነፈሰም። ለባህረዲን እንኳ! ሃያ ዓመት አብሮት ፈልጦ። "ማሽኑ ከተከበረ ማኅበሩ ይከበራል፣ ማኅበሩ ከተከበረ እኔም እዚያው ውስጥ ነኝ" ይላል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ነኝ፣ ብዙ አላውቅም፣ ግን ይቺ ሒሳብ ትንሽ… ይሁን፣ ይተዉት።

ምስጋናቸውን ደግሞ ባዩ! ሲገቡ በሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አላዩም? ማኅተም ያለባትን? በኮምፒውተር ነው የተጻፈችው፣ ቆንጆ ናት። "ከቴክኖሎጂ ጋር አብረው መራመድ ያልቻሉ አባላት" ዛሬ ከሰዓት በስብሰባ ከማኅበሩ ይሰረዛሉ ትላለች። አባላት ብላ ስታበቃ ከሥሯ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። አቶ ጣሰው። አቶ እኮ ነው ያሉት! በስድሳ ሁለት ዓመቱ አቶ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ሊያስወጡት ሲሉ አከበሩት። አባዬ ፊደል አልቆጠረም፣ እኔ ነኝ ያነበብኩለት። "እስቲ ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። "አቶ ነው የሚለው?" አለ። አዎ አልኩት። ከዚያ ፋሱን ምስማሩ ላይ ሰቀለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ከማኅበሩ የተሰረዘ ሰው በዚህ በር እንጨት ሊፈልጥ አይገባም። እሱ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ከዚህ ሌላ ሰውም የለውም።

እኔ ቅር አላለኝም። ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ማሽን እያለ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

የሚገርመው ግን፣ ወረቀቷ ከተለጠፈች በሦስተኛው ቀን፣ ትናንት አመሻሽ ላይ፣ በራችን ተንኳኳ። ያው ኮቴ! እንዲህ ያለ ቂም የማያውቅ ልብ አይተው ያውቃሉ? ሰው ሰርዞ፣ መልሶ የዚያኑ ሰው በር ማንኳኳት… ነገ ትልቅ ደንበኛ አለች፣ ዳቦ ቤት ያላት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻ፣ አሉት። አባዬ ካልጋው ሳይነሳ ምን እንዳላቸው ያውቃሉ? "አቶ ጣሰው ነገ አይራመዱም" አላቸው። እማዬ ትራሷ ውስጥ ገብታ ሳቀች። እኔ ግን አፈርኩላቸው። አፍሬ ነው እንጂ ሻይ እንኳ ባቀረብኩላቸው።

ስለዚህ እትዬ ጠሂራ፣ ዕድለኛ ነዎት እኮ! ማሽኑን ብቻውን፣ በራሱ ጉልበት ሲሠራ የሚያዩት የመጀመሪያዋ ሰው እርስዎ ነዎት። ከዚህ ሆነው በደንብ ይታያል፣ አይነሱ፣ ጥላ ነው። ምናልባት እነዚያን ፊት ለፊት የተደረደሩትን ቀጫጭኖቹን ያሳዩዎት ይሆናል። የእርስዎ ምድጃ ግን በጭራሮ አይነድም አይደል? እኔ ብሆን ያንን አጥሩ ሥር የተጋደመውን ወፍራሙን ነበር የምመርጠው። ማንም እጁን አላሳረፈበትም፣ እንደመጣ ነው… እንዴ! እርስዎ ያንን ይፍለጡልኝ ብለው ጮክ ብለው ነገሯቸው? ኧረ እኔ በጨዋታ ነው ያልኩት!

ሊቀመንበራችን ተነሱ። ኮታቸውን አስተካከሉ። ሸራው ተገለጠ… ኧረ ይሄ ጭስ! ባህረዲንና ሌሎች ሦስት ፈላጮች ሆነው ግንዱን እያንከባለሉት ነው። ከባድ ነው፣ አዩ? ጫኑት። ሊቀመንበራችን እጀታዋን ያዙ፣ በሁለት ጣት። አያያዛቸው እንዴት ያምራል! አሁን ጆሮዎን ይያዙ፣ ጧ ሲል ያስደነግጣል።

ገፋ…

እየገፋ ነው…

ትንፋሹን እየሰበሰበ ይሆናል።

ስለቱ ገባ እኮ! ግማሹ ገብቷል። ግን ቆመ። ወደ ፊትም አይል፣ ወደ ኋላም አይል። አሁን በሁለት እጃቸው ያዟት። ትራክተሩ ምን ነካው፣ የፊት ጎማው ብድግ አላለም? ባህረዲን ምን አለ? "ግንዱ ማሽኑን ያዘው" አለ? ይሄ ባህረዲን ደግሞ አፍ የለው! እኔ አልሳቅኩም፣ እትዬ ጠሂራ፣ እርስዎም አይሳቁ፣ ሰውዬው ሱፍ ለብሰው… እሺ ይሳቁ፣ ብቻ ሻይዎ እንዳይፈስብዎ።

አሁን ደግሞ ማንን ነው የሚጣሩት? ጣሰው? ጣሰው የሚባል እኛ አናውቅም፣ የምናውቀው አቶ ጣሰውን ነው። እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ አፍራለሁ። አቶ ጣሰው ቤታቸው ናቸው ይበሉልኝ። ሽብልቃቸውም ማርቴሏቸውም አብሯቸው ነው። ግን በዚያ በር ሊገቡ ሲሉ ያቺን ወረቀት ያያሉ። ማንበብ ባይችሉም ስማቸው የቱ ጋ እንዳለ ለይተዋል። ያቺ ወረቀት እዚያ እያለች እግራቸው እሺ አይላቸውም።

… አዩ? ሊቀመንበራችን ወደ በሩ እየሄዱ ነው። ራሳቸው! በዱቄት ሙጫ ነው ያስለጠፏት፣ አጥብቀው። በጥፍራቸው እየፋቁ ነው። ቀስ ይበሉ፣ ማኅተሙ ያምራል። ፈላጮቹ ሁሉ እጃቸውን አጣምረው እያዩ ነው። "የዛሬው ስብሰባ ቀርቷል፣ የሚሰረዝ አባል የለም" አሉ? በሁሉም ፊት? ሰምተዋል አይደል? ባህረዲንም ሰምቷል። ወረቀቷንም ኪሳቸው ከተቷት። ሱፍ ጥሩ ነው፣ ኪስ አለው።

እንግዲያው ሄጄ አባዬን ልጥራው። ውሉን ይተዉት አልልም፣ እትዬ ጠሂራ። ከአባዬ ሌላ ያሉት አሥሩም ሠርቶ አዳሪ ናቸው፣ እንጨቱም ደረቅ ነው። ከማኅበሩ ጋር ይፈርሙ፣ ፍልጡን ግን ማን እንደሚፈልጠው እያወቁ። ብርጭቆዎቼን አደራ፣ ቶሎ እመለሳለሁ።

ሊቀመንበራችንን ግን ሳልመርቃቸው መሄድ ይከብደኛል። ፊት ለፊት ስለማልችል ለእርስዎ ልንገርዎ፣ እርስዎ አሚን ይበሉልኝ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ፀጉራቸው እስኪነጣ፣ ጉልበታቸው እስኪደክም፣ ሰው እስኪያስፈልጋቸው ድረስ ያቆይልን። የአባዬ ዕድሜ ላይ ያድርሳቸው። የዚያን ቀን ደግሞ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ፣ ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ፣ በልቡም በአንጀቱም እሳቸውን የመሰለ ሊቀመንበር ይስጣቸው።