የእናቴ ድምፅ በከበሮ

የእናታችሁ ድምፅ ሲጨፈርበት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጀርመን፣ ቦከንሃይም በሚባለው ሰፈር ሰማሁ። ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ሙዚቀኛ የአያቶቹን ከበሮ እየመታ፣ በኮምፒውተር የአንዲት ሴት ድምፅ ይደጋግማል፤ «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ወጣቶች ይጨፍራሉ። ድምፁን እስክለየው የእኔም እግር ይወዛወዝ ነበር። እናቴ ናት፤ መጻፍ ስለማትችል ከአገር ቤት በካሴት ቀድታ የላከችልኝ። ልጄ የምድር ቤቱን ዕቃ ስታራግፍ፣ እንደ ጀርመኖቹ ካርቶን ላይ «ውሰዱ» ብላ ጽፋ ካሴቶቼን ደጃፍ አውጥታቸው ነበር፤ እሱም ከዚያ አንስቶት ኖሯል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጠጋ ብዬ «ምን እንደምትል ታውቃለህ?» አልኩት በጀርመንኛ።

«አላውቅም። ግን ደስ የሚል ድምፅ ነው።»

የምትለውን ነገርኩት። ከበሮውን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«ታዲያ መቼ ሄዱ?»

«አልሄድኩም። ሞተች።»

ካሴቱን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። «ከዘፈኑም አወጣታለሁ» አለ።

«ተዋት፣ ትጠይቅ» አልኩት።

ልጄ ጋ ደውዬ ካሴቶቼን ለምን እንዳወጣቻቸው ጠየቅኋት። «ማማ፣ ማጫወቻ እንኳን የለሽም እኮ» አለችኝ፣ እሷም በጀርመንኛ። እውነቷን ነው፣ የለኝም። ቢሆንም እሷንም፣ ሙዚቀኛውንም፣ እግሬን ያወዛወዝኩትን እኔንም ይቅር አላልኩም። ወደፊትም አልልም።