ዋና ሥራዬ

ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ የሰመጠ ዕቃ ጠልቄ የማወጣው እኔ ነኝ። የመስኖ ሞተር በሉት፣ የባጃጅ ቁልፍ በሉት፣ እንደ ባሕር ጠላቂዎቹ ኦክስጅን ሳልሸከም፣ ቅዳሴ ተገብቶ እስኪወጣ ትንፋሼን ይዤ አወጣዋለሁ። አንድ በጋ ታዲያ ጆሮዬ መግል ይዞ እንደ ደወል ሲጮህብኝ ጊዜ ደብረ ማርቆስ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ወጣቱ ሐኪም ካርድ አወጣና፣

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዋና።»

«የምን ዋና? ዋና ጸሐፊ? ዋና ኃላፊ?»

«የውሃ ነዋ!»

ሳቀብኝ እኮ! «እዚህ ደጋ ላይ የምን ባሕር አለና ነው የሚዋኙት? ጆሮዎን በክብሪት እንጨት ጎርጉረውት ነው» ብሎ ካርዱ ላይ «ገበሬ» ብሎ ጻፈ። መዳፍ የምታህል መሬት የሌለኝን ሰውዬ! ደሜ ፈላ። የጆሮ ጠብታ ሰጥቶኝ «ለአንድ ወር ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ» ሲለኝ እንኳ ሳቁን አልጨረሰም።

ሳምንት ሳይሞላ ያው ሐኪም እያለከለከ ቤቴ መጣ። ሲዋኝ የጋብቻ ቀለበቱ ጨሞጋ ገብቶበታል።

«አባባ፣ ጠላቂው እርስዎ ነዎት አሉኝ። ባለቤቴ ሳታውቅ ይድረሱልኝ!»

የታመመውን ጆሮዬን አዞርኩለት። «ምን አልክ ልጄ?»

«ቀለበቴን!» ብሎ ጮኸ።

«ወር ቆይተህ ና፤ ሐኪሜ ውሃ ከልክሎኛል። ደግሞስ ገበሬ ከመቼ ወዲህ ነው ከወንዝ ቀለበት የሚያወጣው? ስትመጣ ካርዴንም አርመህ ይዘህልኝ ና!»