ካፖርት ለአርባ ምንጭ ሙቀት

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር በተሰጠን ሥልጠና ላይ፣ ልባሽ ጨርቅ መግዛት ምድርን ከጥፋት እንደሚታደግ ተነገረን። እኔም ምድርን ለማዳን በማግስቱ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ገበያ ወረድኩላችሁ። ከልባሽ ጨርቁ ክምር ወፍራም የሱፍ ካፖርት መዝዤ ለበስኩና ላቤን እየጠረግሁ ዋጋውን ጠየቅሁ።

ሻጯ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት ምን ያደርግልዎታል?»

«ለአካባቢ ጥበቃ ነው!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። አዲስ ልብስ ለመሥራት ስለሚባክነው ውሃ፣ ስለ ፋብሪካው ጭስ አንድ ባንድ አስረዳኋት። ከኦቾሎ ተራራ የወረዱ አንድ አዛውንት ሸማኔ አጠገቤ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከካፖርቱ ሳይነቅሉ አዳመጡኝ። ስጨርስ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ እንኳ የፈለግሁት ለተራራችን ብርድ ነበር» አሉ።

ምድርን የሚያህል ጉዳይ ይዤ በአንድ ሰው ብርድ ልሸነፍ? «ይቅርታ አባቴ፣ የእኔ ዓላማ ሰፋ ያለ ነው» ብዬ ቁልፎቹን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

ሻጯ ሳቀች። «ታዲያ ምን ቸገረዎት? እሳቸው ቢለብሱትም እኮ አካባቢው ይጠበቃል!»

ሥልጠናው ላይ ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። ካፖርቱን አውልቄ ለአዛውንቱ አቀበልኳቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው።