የቢቂላ ግዝት

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኧረ ጋሽ ሐዱሽ! የባቡር ጣቢያው ዘበኛ! … ደሪቱ ነኛ፣ ሰሚት ስንት ደሪቱ ያውቃሉ? ባለፈው እኮ ስልኩን ሳይዘጉ ኪስዎ ከትተው የፍየልዎን ጩኸት ስሰማ ዋልኩ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምዘጋው።

— ደህና ነን፣ ይመስገን። ልጄ ልዩ ፎቅ ላይ ታጠናለች። … ልዩ! ጋሽ ሐዱሽ ሰላም ብለውሻል! … እሷም ሰላም ብላለች።

— ስለ ባቡሩ? ውይ፣ እርስዎም ጀመሩ! እዚህ ዕድሩም ታክሲውም ወሬው እሱ ነው፤ አሮጌው መስመር ይከፈት፣ አይከፈት። እኔ አይከፈት ባይ ነኝ። … ምን ያደርጋል? አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እያለ! የድሮው እኮ ዳገት ላይ ሰው ወርዶ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ሮጦ የሚደርስበት ነበር። … ሐሰት ነው?

— እሱስ እውነት ነው፣ አዲሱ እናንተ ጋ አይቆምም። … ሽንኩርቱም የሚጭነው አጥቶ ይበሰብሳል። … አዎ፣ ሆቴሉ የፍየል ማደሪያ ሆኗል ብለውኛል። ለእናንተ አይጠቅምም መች አልኩ?

— ምን ያስፈራሻል ይሉኛል? … ጋሽ ሐዱሽ፣ እያወቁት! ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ምን ሆነና? ባሌ ቢቂላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእርስዎ ጣቢያ አካባቢ ነቅሎ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣቸው ሁለት ሀዲዶች ይኸው ተቆርጠው ፎቁን ተሸክመዋል። «ባቡሩ እንደሆነ ሞቷል» ተባብላችሁ። አሁን መጥተው ቢነቅሏቸውስ? ልጄ እኮ እላያቸው ላይ ነው የምትተኛው።

— ምን? … ዛሬ? … ሄሎ፣ ይሰሙኛል? ይድገሙልኝ እስቲ። የመፈተሻ ባቡር… ከጣቢያው ተነስቷል… ወደየት?

— ወደ ድልድዩ! ኧረ ጋሽ ሐዱሽ! ሀዲዶቹ የተነሱት ከድልድዩ ማዶ፣ መጠምዘዣው ላይ አይደል እንዴ? … ሣር ውጦታል? … እስኪደርሱበት አይታይም?

— ታዲያ ሲጠይቁዎት ምን አሉ? … «ሀዲዱ ሙሉ ነው» ብለው ፈረሙ። … አያልቅሱ። አያልቅሱ፣ ይስሙኝ። ስንት ሰው አለበት? … ሰባት። እርስዎ ቤት ሻይ ጠጥተው የሄዱት ልጆች? … አምላኬ! ድልድዩ ጋ በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ? … ሩብ ሰዓት።

— ለአለቃቸው ይደውሉላቸዋ! ቁጥሩ የለዎትም? … አለዎት? ታዲያ እኔ ጋ ምን ያስደውልዎታል?

— ግዝት? … ቢቂላ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ በሚካኤል ገዝቶዎት… እና እኔን ለማስፈቀድ ነው የደወሉት? ሰባት ሰው ወደ ገደል እየሄደ?

— ልዩ! ልዩ፣ ውረጂ! … ምንም አልሆንኩም፣ ደብተርሽን ተይውና ውረጂ!

— ጋሽ ሐዱሽ፣ አንስቻለሁ። እኔ ሚስቱ ደሪቱ ግዝቱን አንስቻለሁ። … እሱም ቢኖር ያነሳው ነበር። ለሚካኤል እኔ መልስ እሰጣለሁ።

— የምን «ሌባ ወሰደው»? አይሆንም! … ለእኔ አስበው እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ጠዋት ሙሉ ነው ብለው ፈርመው አሁን ሌባ ቢሉ ማን ያምንዎታል? ያለበትን ቤት ሲነግሯቸው ነው የሚያምኑት። «ባቡሩን አቁሙ፤ ከድልድዩ ማዶ ሀዲድ የለም፤ ሀዲዱ ሰሚት፣ የቢቂላ ሚስት ደሪቱ ቤት ነው።» እንደዚህ ይበሉ። ስሜን ይጥሩ።

— ፎቁን ተዉት። … ተዉት አልኩ እኮ! … ይቅርታውን ሌላ ቀን።

— ጋሽ ሐዱሽ… ጋሽ ሐዱሽ፣ እርስዎ መቼም ስልክ መዝጋት አይችሉበትም። ይደውሉላቸው። ዘጋሁ።