ሁለቱም ቴሌቪዥኖች «ሳሎን» ስለተባሉ

የምስክርነት ቃል

የምስክሯ ስም፦ በመዝገብ ተይዟል፤ በሰፈሩ «እትዬ ቀይ እስክሪብቶ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 76
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ መምህርት
አድራሻ፦ ከተጠርጣሪው ሾፌር ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያይ ቤት
ቀን፦ መጋቢት 11

የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ባለቤቷ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖታል። ተጠርጣሪው ሾፌር የሟች ወንድም ሲሆን፣ ከእህቴ ጋር በቤቱ ውርስ ምክንያት ተኳርፈዋል። የኢንተርኔቱን መስመር ወንድማማቾቹ በጋራ ያስገቡት ስለነበረ፣ ከኩርፊያውም በኋላ የሁለቱም ቤት ዕቃዎች የሚሠሩት በአንድ ዋይፋይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥናችን ዋይፋዩን አልይዝ ስላለ ባለሙያ አስጠራሁ። አገናኘውና፣ እህቴ መኝታ ቤቷ ሆና ዜና እንድትሰማ ድምፁ በደጁ በር አጠገብ ባለው ስፒከር እንዲወጣ አደረገ። ከዚያም ቴሌቪዥኑን ምን ብዬ ልሰይመው ሲለኝ፣ ሳሎን በለው አልሁት። «እማማ፣ የጎረቤትንም ሳሎን ብዬዋለሁ። ኋላ ሲጠሩት ሁለቱም አቤት እንዳይሉ» አለኝ። ዕቃ የሚጠራው በተቀመጠበት ክፍል ነው፣ ቀልዱን ትተህ ሥራህን ጨርስ ብዬ መለስሁለት። እንዳዘዝሁት አደረገ።

መጋቢት 9 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ እኔ ሳሎን ልብስ ስተኩስ እህቴ መኝታ ቤቷ ጋደም ብላ ነበር። በድንገት በበሩ በኩል የሟች ድምፅ ተሰማ። «አንቺ፣ የት ገባሽ? ክፈቺልኝ እንጂ፣ እጄ ተይዟል» ይላል። እህቴ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች በባዶ እግሯ አልፋኝ ሮጠች፤ በሩን ከፍታ ስትወጣ ደረጃው ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች።

ቴሌቪዥኑን አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። ድምፁ ስላላቋረጠ ጨርቁን ገፈፍሁት። በምስሉ ላይ ሟች ይህንኑ ቴሌቪዥን ገዝቶ በካርቶን ታቅፎ በራችን ላይ ቆሞ ይስቃል። ያን ዕለት በስልኩ የቀረጸው ወንድሙ ነው። ወደ ደጅ ስወጣ ሾፌሩም ስልኩን እንደያዘ ከቤቱ ወጣ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «እትዬ፣ የወንድሜን ቪዲዮ ከስልኬ ወደ ቲቪዬ ልልክ ብል እምቢ ብሎኝ ደጋግሜ ስነካው ነበር፤ ምን ሆነች?» አለ። የወንድሙ ድምፅ ከእኛ ቤት ሲመጣ ሰማና ስልኩን ጣለው። እህቴን አቅፎ በመኪናው ሆስፒታል ያደረሳት እርሱ ነው።

እህቴን አስፈራርቶ ከቤቱ ለማስወጣት ሆን ብሎ ያደረገው እንደሆነ ተጠይቄ፣ አይደለም ብያለሁ። ትናንት መርማሪው ባሉበት ስልኩ ሲከፈት፣ ቪዲዮ የሚላክባቸው ቴሌቪዥኖች ዝርዝር ላይ «ሳሎን»፣ «ሳሎን» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሳየ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መርማሪውም መለየት አልቻሉም። ሰውዬውን አልወደውም፤ በውርሱ ጉዳይ አፉ ክፉ ነው። ቢሆንም ያልሠራውን ሠራ አልልም።

እህቴ ለነርሶቹ ባሌ መጥቶ ነበር፣ ዘገየሁበት እንጂ ትላለች። እኔንም ሰምተሽዋል አይደል ብላ ጠይቃኝ፣ ሰምቼዋለሁ አልኋት። ከዚያ ያለፈውን አልነገርኋትም። ሾፌሩ የሚፈታው በዚህ ቃል ከሆነ በችሎት ይነበብ። ሲነበብ ግን እህቴ እንዳትገኝ አመለክታለሁ።

ቃሌ ከተነበበልኝ በኋላ ራሴም አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________